ባዜቃን ፍለጋ፦ ከጊንጪ እስከ ካቺሲ

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፤ ከአዲስ አበባ ስንወጣ

ማክሰኞ ጠዋት ከአዲስ አበባ ስንወጣ ሁለት ነበርን፤ እኔና ሾፌሩ ጌቱ። እኔ በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ የምሠራ ቴክኒሻን ነኝ። ጌቱ ሊያሾፍብኝ ሲፈልግ «ዶክተር» ይለኛል፤ አብዛኛውን ቀኔን ብልቃጥ በማጠብ እንደማሳልፈው አሳምሮ ያውቃል። ከኋላችን አራት ሳጥን፣ ሁለት ካርቶን ጓንትና አንድ የማይዘጋ ቴርሞስ ጭነናል። ታኅሣሥ ስለሆነ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

የምንሄደው ከዓመት በፊት በአራት ቦታ የሰቀልናቸውን የአየር መለኪያዎች ለማውረድ ነው። የሚይዙት ባዜቃን ነው፤ ብዙ ሰው ሜርኩሪ የሚለውን። በቴርሞሜትር ውስጥ እንደ ብር ሲያብለጨልጭ ሁላችንም አይተነዋል። የማናየው እንፋሎቱን ነው። በሩቅ አገር የድንጋይ ከሰል ሲቃጠል፣ ወርቅ ሲጣራ ወደ አየር ይወጣል፤ ከዚያ ድንበር ሳይጠይቅ ወራት ሙሉ ምድርን ይዞራል። በዝናብና በቅጠል ይወርዳል፣ ወንዝና ሐይቅ ይገባል፣ በዓሣ በኩል ሰው ሆድ ይደርሳል፣ ገና ያልተወለደ ሕፃን አንጎል ይጎዳል። ስለዚህ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች ተስማምተው አንድ ዓይነት መለኪያ ይሰቅላሉ፤ የሁሉም ውጤት በአንድ ካርታ ላይ በነጥብ በነጥብ ይቀመጣል። በእኛ በኩል ያሉት ነጥቦች በጣም ጥቂት ናቸው።

መለኪያው ሲያዩት ምንም የሚገርም ነገር የለውም። ከስኒ ትንሽ የሚበልጥ ነጭ ቆብ ነው፤ ከሥሩ የከሰል ዱቄት የታጨቀበት ቀጭን ቱቦ አለው። መብራት አይፈልግም። ዝም ብሎ ተሰቅሎ አየሩን ይቀበላል። ሲወርድ በክዳኑ ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋና ሰዓቱ ይጻፋል። ከሰሉ የያዘውን ባዜቃ ተሰቅሎ ለቆየበት ጊዜ አካፍለን ነው አየሩ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ የምናውቀው። ጊዜው ካልታወቀ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

እንቅልፍ የነሳችኝ ከአራቱ ነጥቦች አንዷ፣ ካቺሲ ናት። የዚያ ጠባቂ ኦቦ ዲንሳ ጡረታ የወጡ ጤና ረዳት ናቸው፤ መለኪያው ያለው በግቢያቸው ነው። አምና ልናወርደው ስንሄድ ክረምቱን በላስቲክ ሸፍነውት እንደከረሙ አወቅን። «ዝናብ እንዳይመታው ብዬ ነው» አሉኝ፣ ከልባቸው። መቼ እንደሸፈኑት፣ መቼ እንደገለጡት ግን አልጻፉም። የዓመት ሥራ ገደል ገባ። እኔም ንዴቴን መያዝ አቃተኝና ጎረቤት በቆመበት «እርስዎ ጨርሶ ባይነኩት ይሻል ነበር» አልኳቸው። አንገታቸውን ደፉ። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ያ ንግግሬ ትዝ ባለኝ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ካርታውን የሚያዘጋጁት ሰዎች ዘንድሮም ከተበላሸ ካቺሲን እንደሚሰርዟት በደብዳቤ አሳውቀውናል። ይባስ ብሎ ከቅዳሜ ጀምሮ የኦቦ ዲንሳ ስልክ ዝግ ነው። «ኔትወርክ ነው» ይለኛል ጌቱ፣ በጠየቅኩት ቁጥር።

ረፋድ፤ ጊንጪና ጭልሞ

ሆለታን አልፈን ሜዳው ሲገለጥ ጤፉ ታጭዶ ክምሩ በየማሳው ቆሟል። አንዳንዱ ጋ በሬዎች አውድማ ላይ ይዞራሉ። ጊንጪ ገብተን ቁርስ በላን፤ እንቁላል ፍርፍርና ሻይ ለሁለት ሰው መቶ ሠላሳ ብር። ጌቱ አምቦ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ ከዚህ ወዲያ ያለውን መንገድ እንደ ቤቱ ጓዳ ያውቀዋል። ለአስተናጋጇ ትእዛዙን በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ጨረሰላት፤ መልስ ስታመጣ ደግሞ በኦሮምኛ ቀልዶ አሳቃት። ምን እንዳላት ብጠይቀው አልነግርም አለ።

ጭልሞ ጫካ ከከተማው ብዙ አይርቅም። ጽድና ዝግባው ውስጥ ሲገቡ ብርሃኑ ይቀንሳል፤ ከላይ ጉሬዛዎች ቅርንጫፍ እያንኮሻኮሹ ያልፋሉ። ዛፍ በቅጠሉ ባዜቃ ይስባል፤ ቅጠሉ ሲረግፍ ባዜቃውም አብሮት ወደ አፈር ይወርዳል። ስለዚህ እዚህ ከመለኪያው ሌላ ከዛፎቹ ሥር መረብ ወጥረን የረገፈውን ቅጠል እናስለቅማለን። ለቃሚዋ አዴ ወርቄ ይባላሉ፤ በጫካ ጥበቃ ማኅበሩ ውስጥ የሚሠሩ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናቸው።

«አካም ቡልተን?» አሉን፣ እንዴት አደራችሁ ማለታቸው ነው።

«ነጋ፣ አዴ፤ በደህና» አለ ጌቱ ለሁለታችንም።

መለኪያውን አውርጄ ከዘጋሁ በኋላ ወደ ጎጇቸው ወስደው ከጣሪያው እንጨት ላይ ያንጠለጠሏቸውን ከረጢቶች አሳዩን። አይጥ እንዳይደርስባቸው ነው የሰቀሏቸው። በየወሩ አንድ፣ አሥራ ሁለት ከረጢት ጠብቄ ነበር። ከዳር አንድ ትንሽ አሥራ ሦስተኛ አገኘሁ።

«ይቺስ?»

«የጳጉሜን ናት። ለነሐሴ ልደርባት ወይስ ለመስከረም? ለማንም አዳልቼ እንዳልሰጥ ለብቻዋ አስቀመጥኳት።»

«ደረቅ ቅጠል ሲለቅሙ ሰው አይስቅብዎትም?»

«ይስቃል እንጂ። ‹ቅጠል የሚገዛ ሰው መጣ እንዴ?› ይሉኛል። ጫካው ሊመረመር ነው፣ ውጤቱን ስትሰሙ ትስቃላችሁ እላቸዋለሁ።»

ከጫካው የምትወጣውን እያንዳንዷን ጭነት እንጨት ማን እንደወሰዳት ያውቃሉ። አሁን ደግሞ ከሰማይ የሚመጣውንም ሊያውቁ ፈለጉ። ውጤቱ ሲወጣ መጀመሪያ ለእሳቸው እንድደውል አስማሉኝ። እኔም ማልኩ። ለውጤት እንዲህ የሚጓጓ ሰው እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ እንኳ ብዙ አላየሁም።

ቀትር፤ አምቦ

አምቦ ስንገባ ባጃጁ፣ ተማሪው፣ ገበያተኛው አንድ ላይ መንገዱን ሞልቶት ነበር። መለኪያችን ያለው በአንድ ትምህርት ቤት ሕንፃ ጣሪያ ላይ ነው፤ ጠባቂው የኬሚስትሪ መምህሩ ናቸው። በሳምንት አንድ ቀን ተማሪ ይዘው እየወጡ የንፋሱን አቅጣጫ ያስመዘግባሉ። ደብተሩን ሳይ በየገጹ የእጅ ጽሑፉ የተለያየ ነው፤ አንዷ ተማሪ «ዛሬ ንፋስ የለም፣ መምህራችን ግን አለ ብለዋል» ብላ ጽፋለች። መምህሩ ይህንን አልሰረዙትም። «ያየችውን ነው የጻፈችው» አሉኝ፤ ይኸን መልሳቸውን ከደብተሩ በላይ ወደድኩት።

መለኪያውን አውርጄ ዘጋሁና ምሳ ጥብስ በላን። ለኦቦ ዲንሳ ሁለቴ ደወልኩ። ዝግ ነው። በሆዴ ተቀይመውኝ ይሆናል አልኩ፤ ተናድደው አውርደው ጥለውትስ ቢሆን? ቢያደርጉትም የምፈርድበት አፍ የለኝም። ጌቱ ሥጋውን እያላመጠ «እህት ዓለም፣ ሰውዬው እኮ ካቺሲ ነው ያሉት፣ ስልክ ዘጋ ብሎ አገር የሚጠፋ የለም» አለኝ። እሱ እንደሆነ በምንም ነገር የምግብ ፍላጎቱ አይዘጋም።

ከሰዓት በኋላ፤ ጉደር

ጉደር ከአምቦ ወደ ምዕራብ ቅርብ ናት። እዚያ መለኪያውን ካወረድን በኋላ ከወንዙ ውሃ መቅዳት ነበረብን፤ ይህ ደግሞ የራሱ ደንብ አለው። ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ «ንጹህ እጅ» ይባላል፤ ጓንት አድርጎ ብልቃጡን ብቻ ይነካል። ሌላው «ቆሻሻ እጅ» ነው፤ የመኪናውን በር፣ ሳጥኑን፣ ገመዱን፣ የውጭውን ላስቲክ ሁሉ እሱ ነው የሚነካው። ውሃው ውስጥ ያለው ባዜቃ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ከእጅ የሚረግፍ ብናኝ እንኳ ውጤቱን ያበላሻል። ቆሻሻ እጅ ሁልጊዜም ጌቱ ነው።

ጓንቴን አጥልቄ ሁለት እጄን ወደ ላይ ይዤ ቆሜ ሳለ አንድ ሽማግሌ ከሽንኩርት ማሳቸው ወጥተው መጡና እጃቸውን ዘረጉልኝ። በዚህ አገር የተዘረጋ እጅ ሳይጨብጡ መቅረት ስድብ ነው። ብጨብጥ ደግሞ ብልቃጡ ተበላሸ። ደርቄ ቀረሁ።

ጌቱ በመሃል ገባ። «አባባ፣ የእሷ እጅ ሥራ ላይ ነው። የእሷንም ለእኔ ይስጡኝ» አለና ጎንበስ ብሎ ሁለቴ ጨበጣቸው።

«ምን ሆና ነው?»

«ንጹህ እጅ እሷ ናት። እኔ ቆሻሻው ነኝ።»

ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ሾፌር ነህ?»

«አዎ።»

«ይሁን እሺ» አሉ፣ ነገሩ እንደገባቸው ሁሉ። ከዚያ ቁጭ ብለው እስክንጨርስ ጠበቁንና ብልቃጡ ሲታሸግ እጄን አስዘርግተው በደንብ ጨበጡኝ። ወንዙ ንጹህ ሆኖ ከተገኘ እንድነግራቸው፣ ካልሆነም እንዳልደብቃቸው አሳሰቡኝ። ከዚህ ወንዝ ሽንኩርት አጠጥተው ልጆቻቸውን ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ጥያቄያቸው የወሬ አልነበረም።

ለአዳር ወደ አምቦ ተመለስን።

ረቡዕ፣ ጠዋት፤ ከጊንጪ ወደ ሰሜን

ረቡዕ የካቺሲው መለኪያ የሚወርድበት የቀጠሮ ቀን ነው። ወደ ጊንጪ ተመልሰን አስፋልቱን ትተን በጀልዱ በኩል ወደ ሰሜን ታጠፍን። መንገዱ ሲወጣ ብርዱም ይጨምራል። ገብሱ ተሰብስቧል፤ ድንች የጫኑ አህዮች ዳር ዳሩን ይሄዳሉ። መንገድ ዳር ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዝተን መኪና ውስጥ በላን፤ በሃያ ብር ለሁለታችን ተርፎናል። ከዚያ የሚጣፍጥ ምሳ በዚያ ሳምንት አልበላሁም።

ከጀልዱ ወዲያ አቧራው ነው የሚነዳን። ወደ ቀትር ገደማ ግን መሬቱ በድንገት አለቀ፤ ከፊታችን የዓባይ በረሃ ተዘርግቶ ማዶው በጭጋግ ውስጥ ሰማያዊ ሆኖ ታየ። ጌቱ ሳይጠየቅ መኪናውን አቆመ። ንፋሱ ከገደሉ ሥር ወደ ላይ ይነፍሳል። ለዚህ ነው ካቺሲን የመረጥናት፤ ፋብሪካ የላትም፣ መኪናዋ ጥቂት ነው፣ የሚደርስባት ከሩቅ የመጣው ብቻ ነው። እዚህ አየር ውስጥ ባዜቃ ከተገኘ ያስቀመጠው የዚህ አገር ሰው አይደለም ማለት ነው። ይህንን መናገር የሚችል ነጥብ ካርታው ላይ ሌላ አልነበረንም።

ከቀኑ 8 ሰዓት፤ ካቺሲ

ወደ ኦቦ ዲንሳ ግቢ የሚያስገባው መንገድ በሰው ተሞልቶ ነበር። ጌቱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አንዱን ጠየቀና ፊቱ ተለወጠ። «ለቅሶ ነው» አለኝ።

በአጥሩ በኩል የታየኝን አልረሳውም። ግቢው ውስጥ ትልቅ የእድር ድንኳን ተተክሏል። የድንኳኑ ገመድ የታሰረው በእኛ ምሰሶ ላይ ነው፣ መለኪያው በነበረበት። ምሰሶው ሥር ሦስት ጉልቻ ላይ በርሜል የሚያህል ድስት ተጥዶ ጭሱ ይጥመለመላል። መለኪያው የለም። እውነቱን ልናገር፤ ለአንድ አፍታ ማን ሞተ ብዬ ሳይሆን ዓመቱ ሞተ ብዬ ነው የደነገጥኩት። ወዲያው ደግሞ በራሴ አፈርኩ።

የሞቱት የኦቦ ዲንሳ እናት ናቸው፤ ቅዳሜ ንጋት ላይ። ጓንቱንም ሳጥኑንም መኪና ውስጥ ትቼ ሻርፔን በትከሻዬ አዙሬ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ። ኦቦ ዲንሳ ጥቁር ለብሰው፣ ጋቢ ደርበው፣ ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «መጣሽ ልጄ፣ ቀጠሮሽ ዛሬ ነበር» አሉኝ። እኔም ስለ መለኪያው አልጠየቅኩም። ከሴቶቹ ጋር ሄጄ ተቀመጥኩ። ንፍሮ ተሰጠኝ። ሰው ይገባል፣ ያለቅሳል፣ ይቀመጣል። ተበላሽቶም ከሆነ ተበላሽቷል፣ ዛሬ ስለ እሱ የምናገርበት ቀን አይደለም ብዬ ቆረጥኩ።

ከጎኔ የተቀመጡት የኦቦ ዲንሳ ታናሽ እህት አዴ ጫልቱ ናቸው። ማንነቴን ከጌቱ ሰምተው ኖሮ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«የዚያ የነጩ ዕቃ ባለቤት አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ አዴ።»

«ወንድሜን ምን እንዳደረግሽብኝ እንጃ» አሉኝ። ድምፃቸው ከለቅሶው ብዛት ሻክሯል። «እኛ ዘንድ ሰው ሲያርፍ ለቅሶው ወዲያው አይወጣም። ዓይኑ ይከደናል፣ ይገነዛል፣ ቤቱ ይጠረጋል። ከዚያ አንዷ ደጅ ወጥታ ትጮኻለች። ጩኸቱ ከወጣ ግቢው የአንቺ አይደለም፣ የአገሩ ነው። እሺ፣ እናታችን አረፈች፣ ሁሉን አደረግን፣ ልጮህ በር ላይ ደረስኩ። ‹ቆይ› አለኝ።»

«ምን ሊሆኑ?»

«እጁን በሳሙና ታጠበ። ሁለቴ። ጓንት አደረገ። መሰላል ይዞ ወጣ። እኔ ጩኸቴን አፌ ውስጥ ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ እሱ እንጨት ላይ ወጥቶ ያንን ጣሳ ይከድናል። እናቴ ሞተች፣ ወንድሜም አበደ ብዬ ነበር። ወርዶ ጻፈ። ከዚያ ‹በይ አሁን› አለኝ። እሱ ራሱ ከእኔ በላይ ጮኸ።»

እጃቸውን ያዝኩና ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ከልቤ አለቀስኩ። ለማላውቃቸው ሴት ይሁን፣ ለአምናው ንግግሬ ይሁን፣ መለየት አልቻልኩም።

ሰው ቀለል ሲል ኦቦ ዲንሳ ወደ ቤት ጠሩን። ከሣጥናቸው ውስጥ በሁለት ንጹህ ላስቲክ የታሸገውን መለኪያ አወጡ። ክዳኑ ጥርቅም ብሏል። ከላዩ ላይ ደብተራቸውን አኑረዋል። ገጹ ላይ በጤና ረዳት የእጅ ጽሑፍ፣ ፊደሉ አንድ በአንድ ተለይቶ፣ እንዲህ ይላል፦

«ቅዳሜ። ንጋት 11 ሰዓት ከ20፣ እናቴ አረፈች። 11 ሰዓት ከ52፣ መለኪያውን ዘጋሁ። ሰው ይመጣል፣ እሳት ይነዳል። 11 ሰዓት ከ58፣ ለቅሶው ወጣ።»

ደግሜ አነበብኩት። መለኪያው ከቀጠሮው አራት ቀን ቀድሞ ተዘግቷል፤ ግን ምንም አልጎደለውም። ሰዓቱ እስከታወቀ ድረስ ሒሳቡ ይሠራል። የድስቱን ጭስ አንድ ቀን እንኳ ቢጠጣ ኖሮ ግን ካቺሲ አልቆላት ነበር።

«ኦቦ ዲንሳ፣ በዚያ ሰዓት እንዴት አሰቡት?»

«ጤና ጣቢያ ሳለሁ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያርፍ መጀመሪያ የምጽፈው ሰዓቱን ነው። እጄ ለምዶታል። የእናቴን ሰዓት ከጻፍኩ በኋላ የዕቃውን መጻፍ ምን ይከብዳል።»

«አምና የተናገርኩዎት ነገር...» ብዬ ጀመርኩ።

«እውነትሽን ነበር» አሉኝ። «መሸፈኔ አልነበረም የቆጨኝ። ሰዓቱን ሳልጽፍ መቅረቴ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ለሰው ሁሉ የጻፍኩ ሰው።»

ይቅርታዬን እንድጨርስ ዕድል አልሰጡኝም። እህል እንድንቀምስ አዘዙ። ጌቱ፣ ያ ምንም ነገር የምግብ ፍላጎቱን የማይዘጋው ሰው፣ ሁለት ጉርሻ በልቶ ተወው።

ኀሙስ፤ አዲስ አበባ

ኀሙስ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገባሁ። ይህንን ሥራ ስጀምር ባዜቃን የሚከታተሉት በውድ መሣሪያ የተሞሉ ላቦራቶሪዎች ይመስሉኝ ነበር። በዚህ መንገድ ላይ ያየሁት ግን ሌላ ነው፤ የጳጉሜን ቅጠል ለብቻ የምታኖር የጫካ ጠባቂ፣ የተማሪዋን ቃል የማይሰርዝ መምህር፣ ወንዙ ታሞ ከሆነ አትደብቂኝ የሚል ገበሬ ነው። የእኛ መሣሪያ የሚጨምረው እነሱ በጠበቁት ላይ ነው።

ናሙናዎቹን ከመላኬ በፊት ቅጽ መሙላት ነበረብኝ። «ቀድሞ የተዘጋበት ምክንያት» የሚል ቦታ አለው፤ ምርጫው ሦስት ነው፤ የዕቃ ብልሽት፣ የአየር ሁኔታ፣ የሰው ስህተት። አንዱንም አላጠቆርኩም። ከሥሩ የኦቦ ዲንሳን ሦስት መስመር እንዳለ ተርጉሜ ጻፍኩ።

መልሱ ከሳምንት በኋላ መጣ። የካቺሲው ናሙና ተቀባይነት አግኝቷል፣ ነጥቧም ካርታው ላይ ትቆያለች ይላል። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ነበረው፤ የሌሎቹን ሦስት ቦታዎች ትክክለኛ የመዝጊያ ሰዓት እንድልክ። ማስታወሻዬን ገለጥኩ። ለጭልሞ «4 ሰዓት ገደማ»፣ ለአምቦ «ከምሳ በፊት»፣ ለጉደር «10 ሰዓት አካባቢ» ይላል። ሦስቱንም የዘጋኋቸው እኔ ነኝ፤ ጽሑፉም የእኔ ነው።